ኢኖክ ለምን ይሻገር ነበር

ጎረቤቴ ሂልዳ ክሌግ የገዛ ጥላዋን አታምንም። ቤቷ ሻይ ስጠጣ ብስኩቱን ቆጥራ አቅርባ ቆጥራ ታነሳለች። በሠላሳ ዓመት አንድም አልሰረቅኋት። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ትላለች፤ ለምጄዋለሁ።

የምታምነው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ወላጆቿ ሲሞቱ ያሳደጋት አያቷ ኢኖክ ኦግደን። ፎቶው ከነጢሙ ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል። እናቱ ታቢታ ልጆቿን ጥላ ከመርከበኛ ጋር አሜሪካ ኮበለለች ብሎ የነገራትም እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት እግሯ ከደጅ የወጣ ሴት ሁሉ "የታቢታ ደም" ትባላለች። ሂልዳም የአንድ ልጇን የሞሪንን ሻንጣ በር ላይ ስታይ፣ "ዘር ከልጓም ይስባል፤ ሂጂ!" አለቻት። ሞሪን ለንደን ገባች፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ድምጿ ጠፋ።

ሰባ ሲሞላት ሂልዳ ታቢታን ካላገኘሁ አልሞትም አለች። "ልጄን በሷ ስም ነው ያባረርኳት። እውነት መሆኑን ልወቅ።" ሁለት ክረምት የመርከብ ተሳፋሪዎችን ስም አገላበጠች። የለችም።

"መርከብ ላይ ከሌለች እዚሁ ትሆናለች፤ የሞቱትን እንይ" አልኳት።

"አንቺ ደግሞ ምን የምታውቂው ነገር አለ?" ብላ አፈጠጠችብኝ።

ያም ሆኖ መዝገብ ቤት ሄድን። ሠራተኛዋ የድሮውን የድሆች ማደሪያ፣ የሕሙማኑን ክፍል መዝገብ አወጣችልን። የማደሪያው ግንብ ዛሬ ሆስፒታል ነው፤ ሂልዳ ሞሪንን የወለደችውም እዚያ ነው። የከተማችን ሽማግሌዎች ግን የድህነቱን ውርደት ፈርተው በሥሩ አያልፉም ነበር፤ ግንቡ ጋ ሲደርሱ ወደ ማዶ ይሻገራሉ። ኢኖክም የትንሿን ሂልዳን እጅ ይዞ ይሻገር ነበር። ሁሉም ስለሚሻገር ለምን ብሎ የጠየቀው የለም።

"መጽሐፉ እንዲህ ቶሎ የተገኘው ለምንድን ነው? ማን ሲያገላብጠው ነበር?" አለች ሂልዳ።

"ወይዘሮ ክሌግ፣ በመቶ ዓመት ውስጥ የጠየቀው ሰው ያለም አይመስለኝም" አለች ሠራተኛዋ እየሳቀች።

ገጹን ስታገኘው ሳቋ ጠፋ። ታቢታ ኦግደን፣ መበለት፣ የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የሳንባ ሕመም። በኅዳር 1892 ገባች፣ በየካቲት 1893 ሞተች። ዘመድ፦ ልጇ ኢኖክ። ሁለት ጊዜ ተልኮበታል፣ አልመጣም። ሬሳው ለሐኪሞች ትምህርት ቤት ተሰጠ።

"ባለቤት ያጣውን ለተማሪዎች መማሪያ ይሰጡት ነበር" አለች ሠራተኛዋ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ውሸት ነው! ሌላ ኢኖክ ነው።"

ሠራተኛዋ ጣቷን አድራሻው ላይ አሳረፈች። ሂልዳ ያደገችበት ቤት ነው። ከደጃፉ ሆነው ግንቡን ያዩታል።

"ሲያሻግረኝ እኮ እጁ ያልበው ነበር" አለች ሂልዳ። ኢኖክን በፎቶ ብቻ ነው የማውቀው፤ ያን ቀን ግን ጢሙን ብነጨው ደስ ባለኝ።

ቤት እንደገባን ኮቷን ሳታወልቅ አስራ ዘጠኝ ዓመት ይዛው ያልደወለችበትን የሞሪንን ቁጥር ደወለች። እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ የሞሪን ድምፅ ይሰማኛል።

"ምን ፈልገሽ ነው?" አለች ሞሪን። ቁርጥ እናቷን።

"ታቢታ አልኮበለለችም። እዚሁ ነው የሞተችው፣ ብቻዋን። አንቺንም በከንቱ ነው..."

"ማን አለሽ? ማስረጃ አለሽ?"

"አለኝ። ነይና በዓይንሽ እይው" አለች ሂልዳ። "እኔን እንዳታምኚኝ፤ እኔም ሰው አምኜ ነው አንቺን ያጣሁሽ።"