ጓሮውማ አረንጓዴ ነው

እማማ ወርቅነሽ ከአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዕረፍት የነሷቸው ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ናቸው። ወንዝ ዳር ባለው ጓሯቸው ቤት ልሥራ እያሉ ተራ በተራ ሽማግሌ ይልኩባቸዋል። ለአንዱ ቢሰጡ ሌላው ያኮርፋል፤ ሁለቱንም እንዳይከለክሉ ሽማግሌ ማሳፈር ነውር ነው።

ቢጨንቃቸው ክፍለ ከተማ ሄደው ጓሮው ላይ ቤት መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ባለሙያው የከተማውን ፕላን በኮምፒውተር ከፍቶ አየና ወደ እሳቸው ዞረ።

«ይቅርታ እማማ፤ ቤትዎ የቆመው መኖሪያ በተባለው ቦታ ላይ ነው። ጓሮው ግን የወንዝ ዳርቻ ስለሆነ አረንጓዴ ተብሏል። ዛፍ ይተክሉበታል እንጂ ማንም ቤት አይሠራበትም።»

ያለቅሳሉ ብሎ ሲጠብቅ እልልታቸውን አቀለጡት።

«ተባረክ የኔ ልጅ! እንግዲህ ወንድ ከሆኑ ፕላኑ ላይ ሽማግሌ ይላኩበት!»