ከጅራት ወደ ራስ

ሐይቁ ዳር ዓሣ ማጽዳት የጀመርኩ ቀን ቢላውን ከራስ ወደ ጅራት ሰደድኩት። ተንሸራተተ። የመደቡ አለቃ ዘይነባ እጄን ያዘችና "ከጅራት ወደ ራስ ነው እህቴ፤ አታባብዪው" አለችኝ። ቀጥላ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ገበቴ ውሃ ውስጥ ነከረችው። ያለ ውሃ ከፈቀፈቁት ቅርፊቱ ይፈናጠራል።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚያ ቢላ ልጄን ያሬድን አሳደግሁ። እጁ ዓሣ እንዳይሸት ብዬ መደቡ ጋ አስጠግቼው አላውቅም።

ቅርፊቱ እንደ ጣራ ቆርቆሮ አንዱ የሌላውን ጫፍ ሸፍኖ ሳየው "ተመስገን" እላለሁ። ዘይነባ "ሱብሃነላህ" ትላለች። በዚህ ተጣልተን አናውቅም።

አምና ያሬድ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጣ። እግዚአብሔር ቅርፊቱን እንዴት እንደደረደረው ሳወራለት "እማ፣ ማንም አልደረደረውም። በአጋጣሚ ከመጣው ለውጥ የጠቀመው ተረፈ፣ ያልጠቀመው ጠፋ" አለኝ። ተቆጣሁት። እሱም "እንዲህ ከሆነ ለፋሲካ አልመጣም" አለ። ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ደነገጥኩ።

በማግሥቱ ለሠርግ ብዙ ዓሣ ስለታዘዘ ለመጀመሪያ ጊዜ መደቡ ጋ ሊያግዘን መጣ። ጉዳዩን ለዘይነባ ነግሬያት ነበር። ጠቀሰችኝና ገበቴውን በእግሯ ወደ መደቡ ሥር ገፋችው። እኔም ጆንያ ጣል አደረግሁበት። ከዚያ መፈቅፈቁን ለእሱ ትተን ሁለታችንም ሆድ ዕቃ ማውጣት ያዝን።

"ከጅራት ጀምር" አልኩት፤ ሌላ አልጨመርኩም።

ቅርፊቱ ጸጉሩን፣ ቅንድቡን፣ የሸሚዙን ኪስ ሞላው።

"ምን ጉድ ነው?"

"አጋጣሚ ነው ልጄ" አለች ዘይነባ፣ ቀና ሳትል።

ያሬድ ወደ እኛ አየ። ነጠላዬ ላይ አንድ ቅርፊት የለም። ጎንበስ ብሎ ጆንያውን ገለጠ።

"ይሄማ ታስቦበት ነው!"

"በምን አወቅህ?" አልኩት።

"ገበቴ በራሱ ጆንያ አይለብስም!"

"አልሃምዱሊላህ፣ ልጁ አመነ!" አለች ዘይነባ።

"ያመንኩት የእናንተን ተንኮል ነው፣ እትዬ። ዓሣው ላይ ገና ነኝ።"

እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ገበቴውን አቀረብኩለትና እስኪመሽ አብረን ፈቀፈቅን።

ወደ ቤት ስንሄድ ከጆሮው ጀርባ ቅርፊት አነሳሁለት።

"ለፋሲካ እመጣለሁ፤ ዓሣ ግን አልነካም" አለኝ።

መጣ።

ለአዲስ ሠራተኛ የምነግረው ይኸን ነው። ቆሮሶ ውሃ ውስጥ፣ ከጅራት ወደ ራስ ይፈቀፈቃል። ቅርፊቱን ማን እንደደረደረው ያልተስማሙ ሰዎችም በአንድ ገበቴ ይሠራሉ።