ቶርኖው የቆመበት መሬት

ልጄ በሰው አገር፣ ቡሪየን በምትባል ከተማ ካለው ቤታችን ጓሮ፣ ወለሉ አፈር በሆነ ትንሽ መጋዘን ውስጥ ብረት የሚቆርጥበትን ቶርኖ ያስገባው በበጋ ነው። መሬቱ ያኔ ደርቆ ድንጋይ መስሎ ስለነበር ሲሚንቶ ሳያፈስ ጣውላ አነጠፈና ማሽኑን በፎርክሊፍት አሳረፈው። የሚሠሩበት ግን አንድ አዛውንት ናቸው፤ አዲስ አበባ ቶርኖ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን ፈጅተው፣ ሴት ልጃቸው ወደዚህ ያመጣቻቸው።

ዝናቡ ከጀመረ ወር ሳይሞላው የሚያወጡት ዘንግ አንዱ ጫፍ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን መሆን ጀመረ። እዚሁ አቅራቢያ ሶዶ የሚባል ሰፈር ያለ ደንበኛ ሁለት ጊዜ መለሰው። ልጄ እራት ላይ፣ «የጋሼ እጅ አርጅቷል። ዓርብ አሰናብታቸዋለሁ» አለኝ።

«ማሽኑንስ አይተኸዋል?»

«ቼክ አድርጌዋለሁ እማ፣ ኦኬ ነው።»

አሳየኝ አልኩት። በማግስቱ ሰውዬው ባሉበት ውሃ ልኩን ሞተሩ ካለበት ጫፍ ላይ አጋደመው። በውስጡ ያለችው አረፋ መሃል ላይ ቆመች፤ ልክ ነው ማለት ነው።

«ወደዚያኛውም ጫፍ ውሰደው።»

«አንድ ብረት ነው እኮ። እዚህ ከተስተካከለ እዚያም ያው ነው።»

«አንዱን ወገን ብቻ ሰምተህ ልትፈርድ ነው?»

እየተነጫነጨ ወሰደው። አረፋዋ ወደ በሩ ሸሸች። ከበሩ ተቃራኒ፣ በግድግዳው በኩል ያለው እግር ሰምጧል ማለት ነው።

«አንድ እግሩ ሲሰምጥ ብረቱም ይጠማዘዛል» አሉ ሰውዬው። «ጠርጥሬ ነበር። ሽማግሌ ሰበብ ያበዛል እንዳትለኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ማሽኑን በክሪክ ከፍ አድርገው ጣውላውን ሲያነሱት ከሥሩ ያለው ጭቃ ሊጥ ሆኗል። ከጣሪያው የሚወርደው ቱቦ ወደዚያ ዞሯል። ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ ከግድግዳው ጀርባ ለተከልኩት ጎመን የመጀመሪያው ካፊያ እንዳያመልጠኝ ብዬ። ማንም አላየኝም ነበር።

«ይሄ የኔ ሥራ ነው» አልኩ።

ሰውዬው ሳቁ። «እንግዲያው እማማ፣ ጎመኑ ሲደርስ ግማሹ የኔ ነው።»

ልጄ አልሳቀም። «እሺ፣ እናስተካክለዋለን» አለ።

«ማሽኑን አላልኩህም። እኔ ላጠፋሁት እሳቸው አይባረሩም። ይቅርታ ጠይቃቸው።»

መሬት መሬት እያየ ጠየቃቸው። ቀና ብለህ አልኩት። ቀና ብሎ ደገመው።

ሁለቱ ጭቃውን ዝቀው አወጡ፤ ቱቦውን ወደ መንገዱ መለስኩ። ጉድጓዱን ጠጠር ሞልተው ጠቀጠቁት፤ በየእግሩ ሥር ወፍራም ላሜራ አስገቡ። ሰውዬው ሁለቱንም ጫፍ ለኩ፤ በማግስቱም ለኩ። መሬቱ ረግቶ እስኪያልቅ አልቆርጥም ብለው አንድ ሳምንት አስጠበቁት። ልጄ ደንበኛው እየደወለ ቢያስቸግረውም እንዲጠብቅ ነገረው።

በሳምንቱ አንድ ዘንግ ቆረጡ። ሁለቱን ጫፍ ለክተው ለልጄ አቀበሉት። እሱም ለካው፤ እኩል ነበር።

«ሰኞ ይመጣሉ አይደል፣ ጋሼ?»

ሰውዬው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ያኔ ዘንጉ ሲመለስ ልታሰናብተኝ መስሎኝ፣ ኤርፖርት ሻንጣ ለመጫን ሰኞ እጀምራለሁ ብያቸው ነበር» አሉ። «ቆይ፣ ኮል አድርጌ አልመጣም ልበላቸው።» ስልካቸውን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ።