ቫዲቩ የሠራችው ዓይን

በሕንድ አገር፣ በታንጃቩር ከተማ፣ የሠዓሊዎቹ መንገድ ዛሬ የስልክ ሱቅ ብቻ ሆኗል። እኔ ግን በዚያ ሳልፍ አሁንም ቀና ብዬ ከበሮቹ በላይ አያለሁ።

ያኔ ቅቤ ሰራቂውን ሕፃን አምላክ ክሪሽናን እንደ ጎረቤታችን እንደ እትዬ ቫዲቩ የሚሠራ አልነበረም። ጨርቁን በጣውላው ላይ የምትለጥፈው፣ የቅቤውን ማሰሮ በነጭ አፈር ሊጥ የምታሳብጠው፣ የሳሳውን ወርቅ ትንፋሿን ውጣ የምታስተኛው እሷ ነበረች። ድንቡሽቡሹ ጉንጭ፣ ቅቤ የነካው ጣት፣ ሁሉም የእሷ ነው። ዓይኑን ግን አትነካም። ዓይን መጨረሻ ላይ ይሠራል፤ አምላኩ ማየት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ የሚያየው ፊት ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴት ፊት መሆን የለበትም። ስለዚህ ዓይን የባሏ ታናሽ ወንድም የጋሽ ሴሻ ሥራ ነበር።

ጋሽ ሴሻ አረጀ፤ እጁም መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ወይዘሮ አላሜሉ ለነፍሰ ጡር ልጃቸው ሥዕል አዘው ነበር፤ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ የሚያምር ሕፃን እንድታይ። ሊወስዱ በመጡ ቀን ጋሽ ሴሻ ብሩሹን ሲያነሳ ቫዲቩ ቀማችው።

«አንቺ! ምን ነካሽ?»

«ባለፈው ሸውራራ ክሪሽና ሸጥክ። ከዚያ በፊት የሠራኸው ደግሞ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ይሄን አሳድጌዋለሁ፤ አላስበላሽም።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሲል የኖረውን።»

በሩ ላይ ተኮልኩለን እያየናት ሁለቱንም ዓይኖች ሠራች። ሕፃኑ ክሪሽና ቅቤ ሲሰርቅ እጅ ከፍንጅ ተይዞ ምንም ያልመሰለው ሆኖ ትክ ብሎ አያት።

ወይዘሮ አላሜሉ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «መበለት የከፈተችውን ዓይን ልጄ አጠገብ አልሰቅልም።»

«ይተዉት፣ እሜቴ። እኔም ልጄን ለማይወደው አልሰጥም።»

ሥዕሉን በመንገዱ በኩል ከበሯ በላይ ሰቀለችው፤ ከሥሩ ምንጣፏን ዘርግታ ሥራዋን ቀጠለች። ሠርገኞች ዓይኑ እንዳያያቸው በሌላ መንገድ ዞሩ። ወተት ሻጩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲያልፍ፣ «ምነው፣ ሕፃን ያስፈራሃል?» ትለዋለች ጮክ ብላ።

በሳምንቱ ጋሽ ሴሻ መጣ። «አውርጂው! ገበያ ዘጋሽብን።»

«አንተ አውርደው። እጅህ እሺ ካለህ።»

በርጩማ ጎትቶ ላዩ ላይ ወጣ። ከሕፃኑ ጋር ፊት ለፊት ተያዩ፤ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሥዕሉን ሳይነካ ወረደና ወደ ቤቱ ገባ። ሲመለስ፣ ዓይን ያልተሠራለትን ሌላ የሕፃን ሥዕል ይዞ ነበር። ምንጣፏ ላይ አስቀመጠው።

ቫዲቩ ቀና እንኳ አላለችም።

«ብሩሹንም አምጣው» አለችው፤ «ቀጭኑን።»