የቱታው ኪስ

የቂርቆስ ጀርባ ጋራዥ ሊቃውንት ዳሽቦርድ ላይ የሞተር መብራት ሲበራ መድኃኒታቸው አንድ ነው፤ ጥቁር ፕላስተር ይለጥፉበታል። ያልታየ ብልሽት እንደተጠገነ ይቆጠራላ!

ለሥራ ሙከራ የመጣችው ሴት ግን ፕላስተሩን ላጠችው። የለበሰችው ቱታ ይዋኝባታል፤ ኪሱ ላይ የወንድ ስም ተጠልፏል።

«ስሚ እህቴ፣ ይቺ መኪና ካልዳነች ሥራም የለም፤ ቱታውንም ለባለቤቱ ትመልሺለታለሽ» አለ ባለጋራዡ። ሊቃውንቱ ሳቁ።

ከመኪናው ሥር ገባች። የጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር የተበላ ሽቦ ቆርጣ በአዲስ ቀጠለች፤ ብልሽቱ ከመኪናዋ ኮምፒውተር እንዲሰረዝ ባትሪውን ፈትታ መልሳ አሰረች። ቁልፉን አዞረች። መብራቱ በራ፤ ሞተሩ ሲነሳ ጠፋ። ሊቃውንቱ ፕላስተር ለጥፋበት እንደሆነ ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ።

«ነገ በጊዜ ነይ፤ በልክሽ ቱታ እናሰፋልሻለን» አለ ባለጋራዡ።

«ይሄው የአባቴ ይሁንልኝ፣ ጋሼ» አለች፣ ግራሶ ባልነካው የእጇ ጀርባ ኪሱ ላይ ያለውን ስም እየጠረገች።