ለአባባ የሠራሁት አምፕሊፋየር

ልጅ እያለሁ፣ ሚዛን ተፈሪ ላይ የእኛ ሰፈር ሰው የማታ ዜና ለመስማት ሬዲዮ መክፈት አያስፈልገውም ነበር። የአባባ ሬዲዮ ለሁሉም ይበቃል። እሱ ግን በሬዲዮው ተማርሮ ነበር። ደከመ ይልና ጆሮው ሥር ያስጠጋዋል፤ ባትሪ ይቀይራል፤ አንቴናውን በሽቦ አስረዝሞ ከቆርቆሮው ጣሪያ ጋር ያስረዋል። እኛ አገር ደግሞ ለሬዲዮ ሰበብ አይጠፋም። ዝናቡ ብዙ አያባራም፣ ዙሪያው ተራራና ጫካ ነው። አየሩ ነው፣ ተራራው ነው፣ ጣቢያው ነው እያልን ሁላችንም አብረነው እናማርር ነበር።

አባባ የሸኮ ሰው ነው። በወጣትነቱ ወደ ከተማ መጥቶ ቡና መፈልፈያ ቤት ተቀጠረና ቤተሰቦቿ ከወሎ የመጡትን እማዬን አገባ። ሥራው ሞተሩን መቆጣጠር ነበር። የደረቀው ቡና ከነገለፈቱ እየገባ ፍሬው ብቻ የሚወጣበት ያ ማሽን ሲነሣ፣ አጠገቡ የቆመ ሰው የራሱን ድምፅ እንኳ አይሰማም። ምሳ ሳደርስለት በእጅ ምልክት ነበር የምንግባባው። ማታ ሲገባ ልብሱ የገለፈት አቧራና ናፍጣ ይሸታል። ያን ሽታ እወደው ነበር፤ የአባባ ሽታ ማለት ለእኔ እሱ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ከትምህርት ቤት መልስ ገበያው ዳር ካለችው የጋሽ ለማ ሬዲዮ መጠገኛ አልጠፋም ነበር። ጋሽ ለማ የአባባን ሬዲዮ ፈታትቶ አየና ምንም አልሆነም ብሎ መለሰው። አባባ አላመነም። እኔም በጋሽ ለማ ቅር አለኝ። ሬዲዮው ጉልበት ካነሰው እኔ ጉልበት እጨምርለታለሁ ብዬ አምፕሊፋየር ለመሥራት ተነሣሁ። አባባ ዜናውን ተደላድሎ ተቀምጦ፣ ግንባሩን ሳያኮማትር እንዲሰማ ነበር የፈለግሁት። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ትራንስፎርመሩን ከሞተ ቴፕ፣ ትራንዚስተሮቹን ከተቃጠለ ቴሌቪዥን ነቀልኩ። ትራንዚስተር ሲሠራ ስለሚግል ሙቀቱን የሚወስድለት ብረት ይፈልጋል፤ እማዬ የጣለችውን የድስት ክዳን ቆርጬ አሰርኩለት። ስፒከሩን የሻይ ቅጠል በመጣበት የእንጨት ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ከፊት ለፊቱ መሥራቱን የምታሳይ ትንሽ ቀይ አምፖል ገጠምኩ። እማዬ የብየዳውን ጭስ ፈርታ ወደ በረንዳ ስላባረረችኝ፣ የብየዳ ካውያዬን ይዤ ዝናቡ ከቆርቆሮው ጫፍ እየተንጠባጠበ እዚያው ስበይድ እውል ነበር። ጣቶቼ ተቃጥለው ክፍል ውስጥ እርሳስ መያዝ እስኪያቅተኝ ድረስ።

መጀመሪያ ስከፍተው እንደ ንብ ቀፎ እምምም አለ። ከኃይል ማስገቢያው በኩል አንድ ካፓሲተር ደርቆ ኖሯል፤ ስቀይረው እምምታው ጠፋ። ቀጥሎ ድምፁ ተቀደደብኝ። የተነካኩ ሁለት ብየዳዎች አገኘሁና ለያየኋቸው። ከዚያ በኋላ ጠራ። የዜና አንባቢው ትንፋሽ ሲያወጣ መንገድ ላይ ይሰማ ነበር። የጅማዋ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ከሱቋ ብቅ ብላ ሰውዬውን ቤታችሁ አሳደራችሁት እንዴ ብላ ሳቀችብን።

አባባ ሲያዳምጥ ቆየና ፊቴን አየኝ። "ጎበዝ ልጅ ነሽ" አለኝ፤ "ግን ጉልበት የለውም።"

ፈታሁት። እንደገና በየድኩት። እያንዳንዱን መስመር በመለኪያ ፈተሽኩ፤ ስህተት የለበትም። አባባ ግን በከፈትኩት ቁጥር ትንሽ ይቀረዋል ይላል፤ እኔም እፈታዋለሁ። ትምህርቴን ተውኩ ማለት ይቻላል። ምግብ አይበላልኝም፤ እማዬ ስትቆጣ አልሰማትም። እትዬ ዘሃራም መሳቋን ትታ አንድ ቀን መጣችና፣ ባሏ ታሞ ስለተኛ ትንሽ ብትቀንሱልን ብላ በትሕትና ለመነች። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ቢሆንም አባባ ትንሽ ይቀረዋል ማለቱ በለጠብኝ።

ከዚያ አንድ ምሽት መብራት ሲመጣ ትራንዚስተሩን ቀይሬ ገጠምኩና ማብሪያውን ጫንኩት። ቀዩ አምፖል በራ። ድምፅ ግን የለም። እስከ መጨረሻው አዞርኩት፤ ምንም። ጎንበስ ብዬ ሳይ የስፒከሩ ሽቦ ከብየዳው ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ያዝኩትና ልመልሰው ስል አባባ ከኋላዬ ተናገረ።

"አሁን ገና ሆነ! ጥርት ብሎ ይሰማኛል።"

ዞርኩ። ቀዩን አምፖል እያየ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ቤቱ ውስጥ ከዝናቡ በቀር ምንም ድምፅ አልነበረም። እጄ ላይ ያለውን ሽቦ እስኪያየው ድረስ ፈገግ እንዳለ ነበር። ሲያየው ፈገግታው ጠፋ። ያን ሁሉ ጊዜ ብልሽት ስፈልግ የኖርኩት ደህና በሆነ ዕቃ ውስጥ ነበር።

"በዚህ ሳጥን ልትታመሚብኝ ነው ብዬ ነው" አለኝ። "መፈልፈያ ቤት እንዳይሰሙ። ከሰሙ ያባርሩኛል።"

እሱ ሹክ ማለቱ ነበር። የድምፁን ልክ ግን ማወቅ ከተሳነው ቆይቷል፤ የተናገረው ዝናቡን አልፎ እትዬ ዘሃራ ሱቅ ደርሷል። እትዬ ዘሃራ ስለዚህ ነገር ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ለእማዬ እያለቀስኩ ስነግራት ከምትለቅመው ምስር ላይ ዓይኗን አላነሣችም። ፊት ለፊቱ ሳልቆም ካናገርኩት ስንት ጊዜዬ ነው አለችኝ።

መፈልፈያ ቤትም ማወቁ አልቀረም። ቡና በሚደርስበት ወቅት የሞተሩ ቀበቶ ተበጠሰና ሠራተኛው ሁሉ አጥፋው እያለ ሲጮኽ አባባ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ነበር። ሰው አልተጎዳም። በማግስቱ ግን ጆንያ ጠባቂ አደረጉት። የማይሰማ ጠባቂ ደግሞ ምን ያደርጋል፤ ብዙም ሳይቆይ ቤት ዋለ። ሬዲዮ ክፈቱልኝ ማለቱን ተወ። እኔም አምፕሊፋየሩን ማየት አስጠላኝና ጋሽ ለማ እንዲወስደው አደረግሁ።

ዛሬ የምኖረው ጅማ ነው። ሚዛን ስሄድ ፀጉር አስተካካዩ ሁሉ ደጁ ላይ ቁመቴን የሚያህል ስፒከር ገትሯል። ልጆች ተሠርቶ ያለቀውን የአምፕሊፋየር ሰሌዳ ከገበያ ገዝተው ከስልካቸው ጋር ያያይዙታል፤ ጣት አይቃጠል፣ ዓይን አያለቅስ። እቀናባቸዋለሁ፤ ጩኸቱን ስሰማ ግን ቶሎ አልፋለሁ።

እሁድ እሁድ ቤት እደውላለሁ። እማዬ አውርታኝ ስትጨርስ ስልኩን ለአባባ ትሰጠውና ወደ ጓዳ ትገባለች። እሱ ስለ ዝናቡ፣ ከቤቱ ጀርባ ስለተከለው የቡና ችግኝ ጮክ ብሎ ያወራልኛል። ከዚያ አንቺስ እንዴት ነሽ ይልና ልመልስ እችላለሁ ብሎ የሚገምተውን ያህል ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው እኔ የማወራው። ባለፈው እሁድ ለእማዬ እንኳ ያልነገርኳትን ነገርኩት። ባሌ ልብሱን ሰብስቦ መውጣቱን፣ ማታ ማታ ቤቱ እንደሚያስፈራኝ ነገርኩት። ገና ሳልጨርስ የእሱ ዝምታ አበቃ።

"ይሰማኛል ልጄ፣ ጥርት ብሎ ይሰማኛል" አለ። "ደህና ነሽ ማለት ነው።"

"ደህና ነኝ፣ አባባ" አልኩት።