አራተኛው አፈሙዝ

ዛሬም መብራት ጠፍቶ ክብሪት ስጭር፣ ያ የድኝ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው እጄ ባለበት ይቀራል። የቆምሁት ሞጣ፣ ገዛ ቤቴ ውስጥ ነው፤ የሚታየኝ ግን ቢቸና አጠገብ ያለው ያባቴ ግቢ ነው። ልጆቼ «ደግሞ ሄደች» እያሉ ይሳሳቃሉ። ይሳቁ፤ እነሱ ያን ጠመንጃ አላዩትም።

ብታየው፣ አራት አፈሙዝ ነበረው። አራቱም ጎን ለጎን ተጣምረው በአንድ ሰደፍ ላይ የተቀመጡ፣ ምላጩ ግን አንድ። እሱ ሲሳብ እሳቱ በጠባብ ቀዳዳ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፍና አራት ጥይት ባንድ ጊዜ ይወጣል። መውጣትስ ነበረበት። እኔ ሳውቀው ሦስቱ ያጓራሉ፣ አራተኛው ጭስ ብቻ ትፍ ብሎ ይከሽፋል። ጎረቤቱ ሁሉ «ሦስት ተኩል» ይለው ነበር።

አባቴ በዚህ ቀልድ አይስቅም። በኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲሞት የራሱ ጠመንጃ በቀብሩ ላይ ይተኮሳል። አያቴ ሲቀበሩ የተኮሰው እሱ ነበር፤ ያን ዕለትም አራተኛው ከሸፈ። ለቀስተኛው ልብ አላለውም። እሱ ግን «አባቴን በጎደሎ ቀበርሁት» እያለ ዕድሜውን ሙሉ ተብከነከነ፤ ያን አፈሙዝ ሳያስጮኸው ላይሞት ቆርጦ ነበር።

ወንድ ልጅ ስላልነበረው አጋዡ እኔ ሆንሁ። በየጥምቀቱ ባሩድና ጨርቅ እናጎርሰዋለን፣ እኔ በዘንግ እጠቀጥቃለሁ፣ እሱ ይተኩሳል። ጭሱ ሲገፈፍ ዘንጉን በየአፈሙዙ ይሰድዳል፤ አራተኛው ላይ ሲደርስ ጨርቁ እንደ ተጎረሰ ይገኛል። «እንግዲህ ለከርሞ» ይልና ለጋ ቅቤ አስመጥቶ ብረቱን ከውጭም ከውስጥም ይቀባዋል፣ እንዳይዝግ። እናቴ ለፀጉሯ ያላገኘችውን ቅቤ ጠመንጃው ይጠግበው ነበር።

ትምህርት ጨርሼ በመጣው በጋ ሞጣ ወዳለ አንጥረኛ ወሰድነው። በጋቢ ጠቅልለን አውቶቡሱ ላይ በመካከላችን አስቀመጥነው፤ ጉንደ ወይን ላይ ረዳቱ ምን እንደሆነ ቢጠይቅ አባቴ ሳይስቅ «ሕመምተኛ ነው» አለው። አንጥረኛው የኋላውን ብሎን ፈታና ወስፌውን ሰደደ። ጫፉ ላይ የደረቀ ቡናማ ነገር ይዞ ወጣ።

«ጋሼ፣ ይህ ዝገት አይደለም» አለ። «የስንት ዓመት ቅቤ ነው። እሳቱን ያፈኑት እርስዎ ነዎት።»

ቀዳዳው ተጠርጎ ተመለስን፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን እንደ ልማዱ ቅቤውን ቀባው። ጥምቀት ላይ ያው ሦስት ተኩል። ንድድ አልሁ፤ «ተወው፣ ቅቤው ነው» አልሁት። ተቆጥቶ አያውቅም ነበር፣ ያን ቀን ግን ተቆጣኝ። «ያባቴ ዕቃ ነው። ዝጎ አላስረክብሽም» አለኝ። ጠመንጃው የኔ እንደሚሆን ያወቅሁት ያኔ ነው።

በዚያው ዓመት ክረምት ታመመና ከመደቡ መነሣት አቃተው። ጠመንጃውን ከተሰቀለበት አወረድሁት፣ በፈላ ውኃ አጠብሁት፣ ቀዳዳዎቹን በወስፌ ፈለፈልሁ፣ ዝናብ ባባራ ቁጥር ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። አባቴ ከተኛበት ያየኝ ነበር።

«ቅቤ ቀባሽው?»

«አልቀባሁትም።»

«ይዝጋል።»

«ይዛግ» አልሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም መፈልፈሌን አልተውሁም።

መስከረም ሳይጠባ አረፈ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሬሳው ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ አጎቴ እጁን ዘርግቶ ጠመንጃውን ጠየቀኝ። ደግ ሰው ነው፤ ክፋት አልነበረውም፣ የወንድ ሥራ ነው ብሎ ነው። ሰዉ ሁሉ ይመለከተኛል።

«ያጎረስሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «የምተኩሰውም እኔ ነኝ።»

የአባቴ ንስሐ አባት አጎቴን «ልጁ ናት፣ ተዋት» አሉት። አፈሙዙን ከሰዉ ራስ በላይ፣ ወደ ባዶው ሰማይ አቅንቼ ምላጩን ሳብሁ።

ሰደፉ ትከሻዬን ብሎ እርጥብ ሣር ላይ አስቀመጠኝ። በቅሎዎች ገመድ በጥሰው ሮጡ። ሴቶቹ የሞትሁ መስሏቸው ደረት መቱ። እኔ ያን ድምፅ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁና ዘንግ አላስፈለገኝም። ሙሉ ነበር፣ ምንም አልጎደለውም። ባሩዱ ዓይኔን እያቃጠለው፣ እየሳቅሁ ተነሣሁና «አባ፣ አራቱም!» ብዬ ላበስረው ዞርሁ።

አፈሩን መመለስ ጀምረው ነበር።